ማስረጃው የሚቀልጥ ብልሽት፦ የካርቡሬተር በረዶ ተረትና እውነታ

ኅዳር ነው፣ እንግሊዝ አገር፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ግድም። መንገዱ ጉም ለብሷል፤ የአየሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ነው። በአውራ ጎዳናው ላይ በአንድ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ያህል እንደነዳሁ ሞተር ሳይክሌ ጉልበት አጣ። ነዳጅ ብሰጠው ያስላል እንጂ አይፈጥንም። ፍሪሲዮን ስይዝ ጭራሽ ጠፋ። ዳር ይዤ ቆምኩና ጓንቴን አውልቄ ካርቡሬተሩን ነካሁት፤ ብርዱ ጣቴን ለበለበኝ። ላዩ ላይ ስስ ነጭ አመዳይ ተጋግሯል። አጠገቡ ያለው ሲሊንደር ግን በእጅ አይነካም፣ ግሏል። 10 ደቂቃ ጠብቄ ብሞክረው ምንም እንዳልነካው ተነሳ።

ጋራዥ ወሰድኩት። ካንዴላ ቀየሩ፣ “ምንም የለውም” አሉኝ፣ ሂሳብ ተቀበሉኝ። በሳምንቱ እዚያው መንገድ ላይ ደገመኝ።

“ከዜሮ በላይ በረዶ ከየት ይመጣል?” የሚለው እምነት ነው ብዙ ነጂ የሚያሳስተው። በረዶው ከውጭ አይመጣም፤ ካርቡሬተሩ ራሱ ይሠራዋል። ካርቡሬተር አየርን በጠባብ ጉሮሮ ያሳልፋል። አየሩ እዚያ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ ቤንዚኑ ይሳባል፣ ይተናል። የሚተን ፈሳሽ ደግሞ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ እጃችን ላይ አልኮል ሲፈስ የሚቀዘቅዘን፣ የእንስራ ውሃም የሚበርደው በዚሁ ምክንያት ነው። በጉሮሮው ውስጥ ሙቀቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የትናንሽ አውሮፕላን አብራሪዎች ይህን ገና በሥልጠና ይማሩታል፤ ለዚህም ሲባል ከጭስ ማውጫው አካባቢ የሞቀ አየር ወደ ካርቡሬተር የሚለቅ መሣሪያ አላቸው። 6 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር እንግዲህ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ የያዘውንም እርጥበት የአየር መዝጊያው ጠርዝ ላይ ይጋግራል። በእኩል ፍጥነት ስንነዳ መዝጊያው የሚከፈተው በጥቂቱ ስለሆነ ያንን ጠባብ ክፍተት ለመድፈን ብዙ በረዶ አያስፈልግም። ሚኒሞ የሚይዙት ቀዳዳዎችም እዚያው አጠገብ ናቸውና ስንቆም ሞተሩ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

“ብርዱ በጠና ቁጥር ይብሳል” የሚሉም አሉ። በረዶ ለመሥራት ግን ውሃ ያስፈልጋል። በ10 ዲግሪ እርጥበት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር 9 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ግን ከ2 ግራም ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የሚያስፈራው ጥርት ያለው ውርጭ ሳይሆን ጉምና ካፊያ ያለበት፣ ከዜሮ ጥቂት ከፍ ያለው ቀን ነው። እንዲህ ያለ ጠዋት በክረምት ደብረ ብርሃንም ብርቅ አይደለም።

“ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቷል” የሚለው ግምት ሊሆን የሚችል ነገር ስለሆነ ማጣራት ይገባል። የካርቡሬተሩን የታችኛውን ብሎን ፈትቶ ቤንዚኑን በብርጭቆ መቀበል ነው፤ ውሃ ካለ ከሥር ይተኛል። ውሃ ቆመን ስለጠበቅነው አይጠፋም። በረዶ ግን ከሞተሩ በሚመጣው ሙቀት በደቂቃዎች ይቀልጣል።

ቾክ መሳብም መድኃኒት አይደለም። በረዶ አየሩን ሲዘጋው ድብልቁ ቀድሞውኑ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ቾኩ ሌላ ይጨምርበታል። “ከመነሳቴ በፊት በደንብ አሙቄዋለሁ” ማለትም ብዙ አያድንም፣ ቀዝቃዛው አየር መንገዱን ሙሉ ይገባልና። በብርድ አገር ለክረምት የሚሸጠው ቤንዚን ደግሞ ሞተር በቀላሉ እንዲነሳ ሲባል ቶሎ እንዲተን ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ ጉሮሮውን ለማቀዝቀዝም ያው ይመቻል።

የሚረዳው ማሞቂያ ነው። አንዳንድ ሞተር ሳይክሎች በኤሌክትሪክ፣ ሌሎች ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው የሞቀ ውሃ ካርቡሬተራቸውን ያሞቃሉ። የእኔው የሁለተኛው ዓይነት ነበር። ቀጭኑን ቱቦ ስፈታው ውስጡ ያለችው ትንሽ ማጣሪያ በቡናማ ዝቃጭ ተደፍና አገኘኋት፤ አንድም ጠብታ አታሳልፍም ነበር። አጥቤ መለስኳት፣ ሞተሩ ሲሞቅ ቱቦው በእጄ ሞቀ፣ ያን ክረምት አልቆምኩም። ማሞቂያ ለሌለው ለዚሁ የተዘጋጀ፣ አይሶፕሮፒል አልኮል ያለበት የቤንዚን ጭማሪ አለ፤ ይረዳል፣ ነገር ግን ጎማ ነክ ክፍሎችን እንዳይጎዳ በዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ማለፍ አይገባም።

መንገድ ላይ ማሳል ከጀመረ ማርሽ ቀንሶ መዝጊያው ሰፋ እንዲል ማድረግ ጊዜ ይሰጣል። ነዳጅ መስጫው አልመለስ ካለ ግን ፍሪሲዮን ይዞ በማጥፊያው ማጥፋት ነው፤ ከኋላ መኪና እየመጣ ለመሞከር ጊዜ የለም።

መካኒክ ዘንድ ስንሄድ “ይጠፋብኛል” ብቻ አንበል። ስንት ሰዓት ላይ እንደነበር፣ ጉም ይኑር አይኑር፣ በምን ፍጥነት ስንት ደቂቃ እንደነዳን፣ ከቆመም በኋላ በስንት ደቂቃ እንደተነሳ እንንገረው። ጋራዥ ሲደርስ በረዶው የለም።