በደጋ ኩሬ ውስጥ ያለ ዓሣ ምን ይብላ?

ዓሣ ለማርባት ያሰበ ሰው ወጪውን ሲያሰላ ከኩሬው ቁፋሮና ከጫጩቱ ይጀምራል። ኩሬ ግን የሚቆፈረው አንዴ ነው፤ መኖ የሚቀርበው በየቀኑ ነው። ከዓሣ እርባታ የሥራ ማስኬጃ ወጪ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላዩን፣ አንዳንዴም እስከ 70 በመቶውን የሚወስደው መኖ ነው።

የድሮው መፍትሔ ዓሣን ለዓሣ ማብላት ነበር። ከፔሩ ባሕር የሚጠመደው አንቾቬታ የሚባል ትንሽ ዓሣ ይቀቀላል፣ ይጨመቃል፣ ደርቆ ይፈጫል፤ ዱቄቱም ለእርባታ ዓሦች መኖ ይገባል። በዓለም የሚመረተው የዓሣ ዱቄት በዓመት 5 ሚሊዮን ቶን ገደማ ላይ ከቆመ ቆይቷል። እርባታው ግን አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2022 ምርቱ 94 ሚሊዮን ቶን ደርሶ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈጥሮ ውኃ ከሚጠመደው በልጧል። በማግስቱ ዓመት ኤልኒኞ መጣ፤ ፔሩ የ2023ን የመጀመሪያውን የአንቾቬታ ወቅት ሰረዘች፣ የዱቄቱም ዋጋ ጣሪያ ነካ። ከዚያ ወዲህ ሌላ የፕሮቲን ምንጭ መፈለጉ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ጥያቄ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የነጋዴም ጥያቄ ሆኗል።

ለእኛ አገር ዋናው የእርባታ ዓሣ ቆሮሶ መሆኑ ዕድል ነው። ቆሮሶ ሥጋ በል አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በዩጋንዳ ጆርጅ ሐይቅ የተደረገ ምርምር እንዳሳየው የጨጓራው አሲድ እጅግ ኃይለኛ ነው፤ ሌሎች ዓሦች መፍጨት የሚቸግራቸውን ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ሴሉን ሰብሮ ይፈጨዋል። ረጅሙ አንጀቱ የቀረውን ይጨርሳል። ስለዚህ ርካሹ የዓሣ መኖ ከሱቅ የሚገዛ ሳይሆን በፍግ የለማ አረንጓዴ ውኃ ነው። መለኪያውም ቀላል ነው፤ ክንድን ቀስ እያሉ እስከ ክርን ውኃው ውስጥ መንከር። ክርኑ ውኃ ሲነካ መዳፉ ከታየ ኩሬው ፍግ ይፈልጋል። መዳፉ ክርኑ ሳይጠልቅ ገና ከጠፋ አልጌው በዝቷል፤ ሌሊት ኦክስጅኑን ስለሚጨርሰው ዓሦቹ ሲነጋጋ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው አየር ሲምጉ ይታያሉ።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ውኃው ሲሞቅ ነው። ከላላ፣ ቦረና፣ ወግዲ የሚባሉት የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ወረዳዎች ችግርም እዚህ ላይ ነው። አካባቢው ከደጋ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ይወርዳል። በቦረና ያለው የመካነ ሰላም ደጋ 2,500 ሜትርን ያልፋል። ቆሮሶ በደንብ የሚበላውና የሚያድገው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ ከ20 ሲወርድ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ወደ 16 ሲጠጋ መብላቱን ይተዋል። በዚያ ላይ በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ዓሣ ደግሞ የበላውን ለመፍጨት ኦክስጅን ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተዘጋጅቶ የሚመጣ የአመጋገብ ሰንጠረዥ ይህን ከግምት ካላስገባ ለደጋ ገበሬ ኪሳራ ነው።

ከብርዱ ለመሸሽ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወደ ሸለቆው ወርዶ ቆሮሶ ማርባት ሲሆን ሌላው ደጋው ላይ ብርድን የሚችል ካርፕ የሚባል ዓሣ መያዝ ነው። ትራውት የሚያነሡም አሉ፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ጅረቶች ውስጥ የሚኖረው እሱ ነው፣ ቀዝቃዛ ውኃም ይወዳል። ግን ሥጋ በል ነው፤ መኖው ከ40 በመቶ በላይ ፕሮቲን ይፈልጋል። በእኔ እምነት ለአነስተኛ ገበሬ አይመከርም።

ቆሮሶም ሆነ ካርፕ ከአልጌው በላይ እንዲያድጉ ተጨማሪ መኖ ያስፈልጋቸዋል፤ ከ25 እስከ 30 በመቶ ፕሮቲን ያለው ይበቃል። የኑግ ፋጉሎ በፕሮቲን ይዘቱ ወደዚህ ይጠጋል። ጉድለቱ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ማነሱ ነው፤ ባቄላ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜታዮኒን ያንሰዋል። እንጀራ በሽሮ እንደሚሟላ ሁሉ ሁለቱም ሲቀላቀሉ ይደጋገፋሉ። ክክ ሲከካ የሚወጣው የባቄላ ስብርባሪ፣ ፋጉሎውና የስንዴ ፉርሽካ ተደምረው ደህና መኖ ይሆናሉ። የሰበታው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል በአገር ውስጥ ተረፈ ምርት መኖ የማዘጋጀት ሙከራ ከጀመረ ቆይቷል፤ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በዩጋንዳ የተካሄደው ቦሞሳ የተባለው የኬጅ (የመረብ ውስጥ) እርባታ ፕሮጀክትም ሐሳቡ ይኸው ነበር። ነገር ግን ፋጉሎን ለበሬ ማድለቢያ የሚፈልገው ብዙ ነው፤ ዓሣ ከበሬ ጋር ተጋፍቶ ፋጉሎ የሚገዛ ከሆነ ትርፉ የት አለ? ፋጉሎ ሌላም ጣጣ አለው። እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ የወተት ላሞች መኖ ላይ ይህንኑ መርዝ አግኝቷል፤ ዋነኛው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ ነበር። ዓሣ ላይ ጉበትን ይጎዳል፣ እድገትን ያዘገያል። ስለዚህ ፋጉሎ መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ቆጥ ላይ ይቀመጥ።

የብዙ ሰው ተስፋ ያረፈው ጥቁር ወታደር ዝንብ በምትባለው ነፍሳት ላይ ነው። እጯ የወጥ ቤት ትራፊና የገበያ አትክልት ጥራጊ በልታ በሁለት ሳምንት አካባቢ ትደርሳለች፤ ስትደርቅ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አላት። የጎለመሰችው ዝንብ ምግብ ፍለጋ ቤት ውስጥ አትዞርም። በናይሮቢ የሚገኘው ኢሲፔ የነፍሳት ምርምር ማዕከል በዚህ ላይ ብዙ ሠርቷል። ዕንቅፋቱ እንደገና ብርድ ነው፤ እጯ በደንብ የምታድገው 27 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ደጋ ላይ ያለ ሙቀት መስጫ ቤት አይሆንላትም። ለዓባይ ዳር ቆላ ግን ትስማማለች። የሚገርመው ገና ያልተነካ ሌላ ሀብት መኖሩ ነው። ቆሮሶ ለፊሌቶ ሲዘጋጅ ከዓሣው ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጭንቅላት፣ አጥንትና ሆድ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ያ ተቀቅሎ ቢደርቅ የራሳችን የዓሣ ዱቄት ነው፤ አንቾቬታ አያስፈልገውም።

መኖውን ዱቄት አድርጎ ኩሬ ላይ መበተን ከሁሉ የከፋ ልማድ ነው፤ ብዙውን ዓሣው ሳያገኘው ይሟሟል። ፋብሪካዎች ኤክስትሩደር በሚባል ማሽን ከ120 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ጫና ሰጥተው ስታርቹን ያበስላሉ፤ እንክብሉ ከማሽኑ ሲወጣ ይነፋና ይንሳፈፋል። የሚንሳፈፍ መኖ ጥቅሙ ገበሬው ዓሣው ሲበላና ሲጠግብ ማየቱ ነው። እቤት የሚሠራ ሰው ዱቄቱን በፈላ ውኃ አብኩቶ በሥጋ መፍጫ ያሳልፈዋል፤ እንደ ክር የወጣውን ቆራርጦ ጥላ ሥር ያደርቃል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ጥቂት ፍሬ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥሎ ሩብ ሰዓት መጠበቅ። ቅርጹን ከያዘ ደህና ነው፤ ከተበተነ ማያያዣ የሚሆነው ስታርች አልበሰለም። ይህኛው ይሰምጣል እንጂ አይንሳፈፍም፤ ስለዚህ በአንድ የታወቀ ቦታ፣ በትንሽ በትንሹ ይጨመራል።

መጠኑን በቁጥር እንየው። 200 ካሬ ሜትር ኩሬ ውስጥ 400 ዓሣ አለ እንበል፤ የእያንዳንዱ አማካይ ክብደት 50 ግራም ቢሆን በድምሩ 20 ኪሎ ነው። ውኃው ሲሞቅ የክብደታቸውን 3 በመቶ፣ ማለትም በቀን 600 ግራም መስጠት ይቻላል። ክረምት ላይ ግን ደጋው ሲቀዘቅዝ ዓሣው 1 በመቶውን፣ ማለትም 200 ግራም ብቻ የሚበላ ከሆነ በቀን 400 ግራም ይባክናል፤ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሲደመሩ 36 ኪሎ ማለት ነው። የሰመጠው መኖ ደግሞ ጭቃ ላይ በስብሶ ያለውን ጥቂት ኦክስጅን ይሻማል። እኔ ለከላላ ደጋ ገበሬ ከማናቸውም ማሽን በፊት የምመክረው ቴርሞሜትር ነው። በገመድ ታስሮ በክንድ ጥልቀት ይንጠልጠል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ይነበብ። የመጀመሪያው መኖ ፀሐይ ውኃውን ካሞቀች በኋላ ወደ 5 ሰዓት አካባቢ ይሰጥ፤ 9 ሰዓት ላይ ንባቡ ከ18 በታች ከሆነ የዚያ ቀን ሁለተኛ መኖ ይቅር።