ሳይካስን ክረምት ማሻገር

ፒያሳ ውስጥ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሳይካስ አይቶ «ዘንባባ ነው» የማይል ሰው ጥቂት ነው። ቅጠሉ ያሳስታል። ሳይካስ ግን የሚቀርበው ከዘንባባ ይልቅ ለጽድና ለዝግባ ነው። እንደነሱ አበባ የማያብብ፣ ወገኖቹ ከዳይኖሰሮች ጋር በአንድ ዘመን የኖሩ ጥንታዊ ተክል ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው ዓይነት የተገኘው ከጃፓን ደቡባዊ ደሴቶች ነው።

ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ብርድ ነው። ፒያሳ ያለችበት አራዳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጥያቄው ያስኬዳል። ይሁን እንጂ ይህ ተክል ሥሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ የወረደን ብርድ ለአጭር ጊዜ ይችላል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችን አያሸንፈውም። የሚገድለው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ቅዝቃዜውና ውሃው አንድ ላይ ሲመጡበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ሲጠፋና አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቆማል ማለት ይቻላል። ዝናቡ ግን ማሰሮውን መሙላቱን አያቆምም። አፈሩ ውስጥ የነበረው አየር በውሃ ይተካል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል። ክፋቱ ይህ ሁሉ ሲሆን ቅጠሉ አረንጓዴ መሆኑ ነው። ሳይካስ በወፍራም ግንዱ ውስጥ ስንቅ ስላለው ሥሩ ከሞተ በኋላም ወራት ይቆያል። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ባለቤቱ «ፀሐዩ በረታበት፣ ጠማው» ብሎ በላዩ ላይ ውሃ ይጨምርበታል። እኔም የመጀመሪያዬን የገደልኩት በዚሁ ደግነት ነው። ከማጠጣትዎ በፊት ግንዱን ጫን ብለው ይዩት፤ ጠንካራ ከሆነ ተስፋ አለው፣ እንደ በሰለ ጎመን ከለሰለሰ ግን ጉዳዩ አልቋል።

ስለዚህ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ መስከረም አጋማሽ ማሰሮውን ከዝናብ ያሽሹት። የድሮ የፒያሳ ቤቶች በረንዳ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ብርሃን ያገኛል፣ ዝናብ አይመታውም። ግቢ ውስጥ ከሆነ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያው ጠርዝና ከአሸንዳው ሥር አያስቀምጡት። በእነዚህ ወራት በሁለትና በሦስት ሳምንት አንዴ ጥቂት ውሃ ይበቃዋል። በበጋ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ደረቅ ሆኖ ካገኙት ውሃው በማሰሮው ቀዳዳ እስኪወጣ ያጠጡት። ከታች ሳህን ካለው የተጠራቀመውን ይድፉት።

አፈሩም ያው ጉዳይ ነው። ጥቁር ዋልካ ውሃ ስለሚይዝ ለሳይካስ መቃብር ነው። ግማሹን ግንበኞች «ሬድ አሽ» የሚሉት ቀይ ጠጠር ወይም ሻካራ አሸዋ፣ ግማሹን ቀይ አፈርና በደንብ የተብላላ ፍግ ያድርጉት። በቀለም ባልዲ ወይም በጀሪካን የሚተክል ሰው ከሥሩ አራት አምስት ቀዳዳ መብሳቱን አይርሳ። ማሰሮ መቀየር የሚሻለው መጋቢት አካባቢ ነው፤ ሙቀቱም አለ፣ ሥሩም ክረምት ከመግባቱ በፊት ያገግማል።

ብርሃን ይወዳል፤ ድንገተኛ ለውጥ ግን አይወድም። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ከፒያሳ ተነስተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎች ሳይካሳቸውን ይዘው ሄደው ከሆነ፣ ከጥላ ወደ ጠራራ ፀሐይ በአንድ ቀን የወጣ ቅጠል ሲቃጠል ሳያዩ አይቀሩም። በሳምንት በሳምንት ያስለምዱት። አዲስ ቅጠል በሚያወጣበት ሰሞን ግን ጨለማ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ቅጠሉ ቀጭንና ልፍስፍስ ሆኖ ይቀራል፤ ኋላ የሚያቃናው ነገር የለም። አዲስ ቅጠል ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ ስለሚያወጣ ያ ስህተት አብሮዎት ይከርማል።

ዝግታው ያስመርራል፣ ዕድሜው ግን ያስደንቃል። ለንደን በሚገኘው የኪው ዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የዚሁ ወገን ተክል አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1775 ፍራንሲስ ማሰን የተባለ ዕፅዋት ሰብሳቢ ያመጣው ሲሆን እስካሁን በማሰሮ ይኖራል። የማሰሮ ኑሮው አዲስ አበባን በ111 ዓመት ይቀድማታል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ ሳይካስ መርዝ ነው። ሁሉም ክፍሉ ጉበት ይጎዳል፣ ከሁሉ የከፋው ዘሩ ነው። ውሻ ያኝከዋል። ለበዓል የተገዛ በግ ማሰሮው አጠገብ ታስሮ ያደረ እንደሆነም መዘዙ ቀላል አይደለም። ለሆሣዕና ልጆች ጣታቸው ላይ የሚያስሩት ቀለበት ከእውነተኛው ዘንባባ ይሠራ፤ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳልና የሳይካሱን ቅጠል አይቁረጡላቸው።

ሌላ ለማባዛት ከፈለጉ ከግንዱ ሥር እንደ ሙዝ ልጅ የሚያወጣቸውን ጉጦች በስለታም ቢላ ቆርጠው፣ ቅጠላቸውን አራግፈው፣ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ አስቀምጠው በጠጠርና በአሸዋ ይትከሏቸው። ሥር እስኪይዙ ብዙ ወራት ይፈጃል። በየሳምንቱ እየነቀሉ አይመልከቷቸው።