ከግድቡ እስከ ማድ ቤቱ፦ ንጹሕ ኃይልና የጤና ባለሙያው ድርሻ

ዓለም ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ወደ ንጹሕ የኃይል ምንጭ እንዲሸጋገር በየአገሩ የሚገኙ ዜጎች ሲጠይቁ ቆይተዋል። ከጠያቂዎቹ መካከል የጤና ባለሙያዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 200 የሚጠጉ የጤና ድርጅቶችና ከ1,400 በላይ ባለሙያዎች የቅሪተ አካል ነዳጅን ምርት የሚገታ ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲደረግ መንግሥታትን በደብዳቤ ጠይቀዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጥሪውን ደግፏል። ይህ ጥሪ በጣና ዙሪያ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ምን ትርጉም አለው?

በአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚመነጨው ከውኃ ነው። በዚሁ አካባቢ የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1950ዎቹ፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. አገልግሎት ጀምረዋል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ለተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከአርሶ አደሩ እስከ መንግሥት ሠራተኛው ያለው ዜጋ ቦንድ ገዝቷል፣ ለግሷልም። የጤና ባለሙያውም ከደመወዙ ከፍሏል። ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ የንጹሕ ኃይል ጉዳይ ለእኛ ሕዝብ እንግዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ በርካታ ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። በዓባይ ማዶም ሆነ በሌላው የባሕር ዳር ክፍል የተሽከርካሪው ጭስና መብራት ሲጠፋ የሚነሣው የናፍጣ ጄኔሬተር በዚህ ላይ ይጨመራሉ። እንጨትና ኩበት ከቅሪተ አካል ነዳጅ ባይቆጠሩም፣ ሲነዱ የሚወጡት ደቃቅ ብናኞች እስከ ሳንባ ከረጢቶች ዘልቀው ይገባሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣመርበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲያድር የሚገድለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የሳንባ ምች፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ ዋነኞቹ የሞት መንገዶች ናቸው።

የተሻሻለ ምድጃ ማከፋፈል ብቻውን በቂ ነውን? ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው የሜጫ ወረዳ የተካሄደና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። ከ5,000 በላይ ሕፃናት በዕጣ በሁለት ተከፍለው ለአንደኛው ወገን ቤተሰቦች የተሻሻለ የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ተሰጠ። ሆኖም በሕፃናቱ የታችኛው መተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ላይ በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ምድጃው ማገዶ ቢቆጥብም የሚነደው ያው እንጨት ነው። እውነተኛው መፍትሔ ኤሌክትሪኩ ከግድቡ ተነሥቶ ምጣዱ ድረስ ሲደርስ ይገኛል።

ታዲያ ባለሙያው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ፣ የሚያስል ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር እናት ሲመጡ በምን እንደሚበሰል፣ ማድ ቤቱ መስኮት እንዳለው፣ ሕፃኑ በጋገራ ጊዜ የት እንደሚቆይ ይጠይቅ፤ መልሱንም በካርዱ ላይ ይጻፍ። ኤሌክትሪኩ እስኪደርስም ሕፃኑን ከጭስ ማራቅን፣ ከሰል ይዞ አለመተኛትን ይምከር። ሁለተኛ፣ የተመዘገበውን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር አጠናቅሮ ለቀበሌውና ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ያቅርብ። ነዋሪዎች መስመር እንዲገባላቸው፣ መቆራረጡም እንዲቀንስ ሲጠይቁ የጤና ማስረጃ ከጎናቸው ቢቆም አቤቱታቸው ክብደት ያገኛል። ሦስተኛ፣ ከራሱ ተቋም ይጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገለጸው ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚታከመው አስተማማኝ ኤሌክትሪክ በሌላቸው ወይም ጨርሶ ኤሌክትሪክ ባልደረሰባቸው ተቋማት ነው። ለክትባት ማቀዝቀዣና ለማዋለጃ ክፍል የፀሐይ ኃይል መጠየቅ የባለሙያው ተገቢ ጥያቄ ነው።

ዜጋው ለግድቡ ገንዘቡን አዋጥቷል። የቀረው ኃይሉ እናት በምትጋግርበት ቤት እንዲደርስ መጠየቅ ነው፤ ጭሱ የሚያደርሰውን ጉዳት በየቀኑ የሚያየው የጤና ባለሙያ በዚህ ጥያቄ ቀዳሚ ምስክር ሊሆን ይገባዋል።