የሙሻ ደሴት ትምህርት ለድሬዳዋ

በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት የምትገኘው ሙሻ ደሴት የኮራል አለት ንጣፍ ላይ ያረፈች፣ የማንግሮቭ ዛፍ የበቀለባትና የራሷ ጣፋጭ ውሃ የሌላት በመሆኗ፣ እንግዳ የሚጠጣውና የሚታጠብበት ውሃ በጀልባ ተጭኖ ወይም ከባሕር ተጣርቶ መቅረብ፣ ቆሻሻውም ተጭኖ መመለስ አለበት። ይህ ወጪ በማረፊያው ዋጋ ውስጥ ካልገባ የሚከፍለው ጎብኚው ሳይሆን ኮራሉና ዓሣ አስጋሪው ይሆናል፤ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን፣ በግብይቱ ያልተሳተፈ ወገን የሚሸከመውን ጫና፣ ውጫዊ ወጪ ይሉታል። ስለዚህ አካባቢን የማይጎዳ መዝናኛ የሚባለው በሣር ክዳን ጎጆው ሳይሆን፣ ደሴቷ ሳትጎዳ ልታስተናግድ በምትችለው የእንግዳ ብዛት፣ ማለትም በመሸከም አቅሟ፣ የሚለካ ነው።

በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር መድረስን ተከትላ የተቆረቆረችውና ከጅቡቲ ጋር በሐዲድ የተሳሰረችው ድሬዳዋ ግን እንግዳ የመቀበልን ጉዳይ ከምንዛሪ አንጻርም ማየት ይኖርባታል። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ እንዲመነዘር የተወሰነ ሲሆን፣ ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ተለቋል። በመደበኛው ተመን ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 320 ብር ያህል ያወጣ የነበረው 1,000 ፍራንክ፣ ዶላር 120 ብር በገባበት ጊዜ ወደ 675 ብር ደርሶ ነበር። ፍራንኩን በትይዩ ገበያ ሲገዛ ለኖረ ሰው ለውጡ ያን ያህል ባይሰፋም፣ በባንክ በኩል ለሚመነዝር የጅቡቲ እንግዳ ድሬዳዋ ረክሳለች፤ ወደ ባሕሩ የሚወርደው መንገደኛ የውጭ ምንዛሪ ሲያስወጣ፣ ወደ ላይ የሚወጣው እንግዳ ያስገባል።

ይሁንና ርካሽነት ብቻውን ትርፍ አይደለም። ድሬዳዋ የምትጠጣው እንደ ሳቢያን ካሉ የጉድጓድ ውሃ መስኮች እየተሳበ በመሆኑ፣ ሆቴሎች ለነዋሪው በተተመነ ታሪፍ የፈለጉትን ያህል ከቀዱ ገቢው የባለሆቴሉ፣ እጥረቱ ደግሞ የሠፈሩ ይሆናል። ለከፍተኛ ተጠቃሚ የሚጨምር የውሃ ታሪፍ፣ የፍጆታ ቆጣሪና የፍሳሽ ማጣሪያ ግዴታ ከአዲስ ሆቴል ፈቃድ ጋር አብረው ቢሰጡ፣ የእንግዳው ፍራንክ የከተማይቱን ውሃ ሳያሟጥጥ ሊገባ ይችላል።