የጀልባ ወለል ለምን ይበሰብሳል?

የኦሞ ወንዝ በሚገባበት በቱርካና ሐይቅ ላይ ብዙ ዓሣ አጥማጆች የእንጨት ጀልባ ይጠቀማሉ። ጀልባው ከላይ ሲያዩት ደህና መስሎ ወለሉ ከሥር በስብሶ ሊሆን ይችላል። መሀል ሐይቅ ላይ ጣውላው ቢሰበርስ?

እንጨቱን የሚበላው ውሃው ራሱ ሳይሆን ፈንገስ ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገሱ አያድግም። ከወለሉ ሥር ውሃ ሲተኛና ንፋስ ሳይገባ ሲቀር ግን ይመቸዋል።

እንዴት እንለየዋለን? ጣውላውን በወስፌ ወጋ አድርጉት። ጠንካራ ከሆነ ሻጋታው ላይ ላዩን ነው። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በሳሙናና በቡሩሽ እጠቡት፤ ከዚያ ጥላ ሥር፣ ንፋስ ላይ በደንብ ይድረቅ። ወስፌው በቀላሉ ከገባ ግን በስብሷል ማለት ነው። በረኪና መልኩን ቢያነጣውም ውስጡን አያድነውም። የበሰበሰውን ከዙሪያው ትንሽ ጤነኛ እንጨት ጨምሮ ቆርጦ ማውጣትና በደረቅ ጣውላ መተካት ነው። እርጥብ እንጨት ላይ ቀለም አትቀቡ፤ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል።

ለክፍል ውይይት፦ በላስቲክ የታሰረ እንጀራ ቶሎ ሲሻግት ድርቆሽ ለምን ይቆያል? ከጀልባው ጋር አገናኙት።