ጎረቤትህ በገመድ ርቀት ሲኖር…

አከራያችሁ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጭማሪ አለ» ባሉ ቁጥር «ምነው ድንኳን ተክዬ በኖርኩ!» የምትሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ዛሬ የማወጋችሁ ድንኳንም፣ ሰርቪስ ቤትም፣ ኮንዶሚኒየምም ስለሌላቸው ሰዎች ነው፡፡ የነዚህ ሰዎች ቤት ውሃ ላይ ነው፡፡ ሲበሉ ቤቱ ይወዛወዛል፤ ሲተኙም ይወዛወዛል፡፡ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝተው ክረምት ከበጋ እዚያው ውስጥ ይኖራሉ፡፡ «ሀብታም ምን አለበት!» ብላችሁ ደግሞ እንዳትፈርዱ፡፡ ከመሀላቸው የመሬት ላይ ኪራይ ያባረራቸው ሞልተዋል፡፡

ጉዳዩን ያጫወተኝ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ኦክላንድ አካባቢ የሚኖር የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነው፡፡ ለገና ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ቦሌ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ነው ያወጋነው፡፡ ስሙን እንዳልጠቅስ ስለለመነኝ አልጠቅስም፡፡ ገና «ጋሼ» ከማለቴም «ኧረ ተው፣ በሽበቴ ላይ አትጨምርብኝ!» ስላለኝ እዚህም አንቱ አልለውም፡፡

ከዓመታት በፊት ትዳሩ ይፈርስና ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፡፡ ለአንዲት ክፍል አፓርትመንት የሚጠየቀውን ሲሰማ የሹፌርነት ደመወዙ ከግማሽ በላይ እዚያው ቀረ፡፡ ታዲያ አንድ የሥራ ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራች፣ ርዝመቷ 30 ጫማ ወይም 9 ሜትር ገደማ የሆነች አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ ነበረችውና «ለምን አትገዛኝም?» አለው፡፡ «በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ በዋጋ ግን ከመኪናዬ ታንሳለች» ይላል የኛ ሰው፡፡ ዋና እንኳ በደንብ አይችልም ነበር!

ጀልባ መግዛቱስ ቀላል ነው፤ ጉዱ ማቆሚያው ላይ ነው፡፡ ማሪና የሚባለው የጀልባዎች ወደብ ኪራዩን የሚያሰላው በጫማ ስለሆነ ረጅም ጀልባ ያለው ብዙ ይከፍላል፡፡ እዚያው ለማደር ደግሞ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ክፍያ አለ፡፡ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻውን የሚቆጣጠረው ኮሚሽን በአንድ ማሪና ውስጥ ሰው የሚኖርባቸው ጀልባዎች በጠቅላላው ከመቶ አሥር እንዳይበልጡ ወስኗል፡፡ 300 ማቆሚያ ካለ 30 ጀልባ ብቻ መሆኑ ነው፡፡ ስለዚህ ወረፋ ይጠበቃል፡፡ «እስከዚያው የት ታድር ነበር?» አልኩት፡፡ ሳቀ፡፡ «ስንት ሌሊት መብራት አጥፍቼ እዚያው እንደተኛሁ አትጠይቀኝ፡፡»

ጎረቤቶቹ ያውቃሉ፡፡ ማታ ገብቶ ጠዋት ሲወጣ ያዩታል፡፡ አንዱ ቢሮ ሄዶ ቢናገር ኖሮ «ገመድህን ፍታና ሂድ» ነበር የሚባለው፡፡ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም፡፡ ደንብ መጣሱን እኔ አላበረታታም፤ ግን የሰውን ጉዳይ አይቶ ዝም ማለት የሚባል ነገር እኛ ሰፈር ቢኖር ስንቱ ትዳር በተረፈ!

ሦስት ማዕዘን አልጋ

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ፡፡ አልጋው ጀልባዋ አፍንጫ ውስጥ ስለሆነ ቅርጹ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ትከሻ ሰፊ ቦታ ያገኛል፣ እግር ይጠባል፡፡ መሀል ላይ በግራና በቀኝ መቀመጫ፣ በመካከሉ የሚታጠፍ ጠረጴዛ አለ፡፡ ወጥ ቤቱ ሁለት ምድጃ ያለው ጋዝና አንዲት የእጅ መታጠቢያ የምታክል ሲንክ ነው፡፡ መብራት ከመተላለፊያው ላይ በወፍራም ገመድ ይሳባል፤ የመጠጥ ውሃ ከታንከር ነው፡፡ ሽንት ቤት አለ፤ ነገር ግን ቆሻሻው ታንክ ውስጥ ተጠራቅሞ በፓምፕ ይመጠጣል እንጂ ወደ ባሕሩ መልቀቅ በሕግ ያስጠይቃል፡፡

ፊልም ላይ የማታዩት ነገር ደግሞ እርጥበቱ ነው፡፡ ሌሊት የምትተነፍሱት ትንፋሽ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፡፡ ፍራሽ ከሥር ይሻግታል፡፡ ጫማ ይሻግታል፡፡ ለሠርግ የተሰፋ ሙሉ ልብስም ይሻግታል፡፡ «አዲስ የሴት ጓደኛ ጋበዝኩና ‹ቤትህ ምን ምን ይላል?› ብላ ሄደች፤ አልተመለሰችም» ብሎኛል፡፡ (እኔ በበኩሌ ሽታው ብቻ ይሁን አይሁን እጠራጠራለሁ፡፡)

ሻወር ለመውሰድ በነጠላ ጫማ፣ ፎጣ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ማሪናው ቢሮ አጠገብ ወዳለው የጋራ መታጠቢያ መሄድ ነው፡፡ ጎረቤትም የሚተዋወቀው እዚያ መንገድ ላይ ነው፡፡ መተላለፊያው ዶክ ይባላል፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ጠባብ መንገድ ነው፡፡ መግቢያ መውጫው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁሉም በሁሉም ደጃፍ ያልፋል፡፡ ሰውን በነጠላ ጫማና ባልተበጠረ ፀጉር ካየኸው በኋላ ምን ኩራት አለ? ደግሞ አንዱ ሌላውን የሚያስታውሰው በጀልባው ስም ነው፤ የባለቤቱ ስም የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው፡፡

በአንድ በኩል ያሉት ጎረቤቱ ነርስ የነበሩ፣ ጡረታ የወጡ የሰባ ዓመት አሜሪካዊት ናቸው፡፡ በሌላው በኩል ብቻውን የሚኖር፣ ቁጡ ቢጤ በያጅ አለ፡፡ ከዚያ ወዲያ ትንሽ ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት፤ ልጁ ዶኩ ላይ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይለብስ አንድ እርምጃ አይራመድም፡፡

ዘው ማለት የለም!

የዚህ ሰፈር ሕግ ቁጥር አንድ፡- የሰው ጀልባ ላይ ሳይፈቀድ አይወጣም፡፡ ከዶኩ ላይ ሆነህ የጀልባውን ጎን ኳ ኳ ታደርጋለህ፤ «መምጣት እችላለሁ?» ትላለህ፤ ባለቤቱ «ና» ካለ ትወጣለህ፡፡ ካላለ የለም፡፡ ምክንያት አለው፡፡ ትንሽ ጀልባ ላይ አንድ እግር ሲያርፍ ጀልባዋ ወዲያው ዘንበል ትላለች፡፡ ውስጥ የተኛ ሰው «ሰው ወጣብኝ!» ብሎ በድንጋጤ ይነሳል፡፡ በአንድ በኩል እኛ ጎረቤት ቤት ዘው ብለን ድስት ከፍተን የምናይ ነን፤ በሌላ በኩል ኮንዶሚኒየም ገብተን የፊት ለፊት ጎረቤታችንን ስም ሳናውቅ አምስት ዓመት እንኖራለን፡፡ እነሱ ያገኙት መሀሉን ይመስለኛል፡፡

ይህ ሰው በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ንፋስ ተነሳ፡፡ ሸራ መሳቢያው ገመድ የአሉሚኒየሙን ምሰሶ ኳ ኳ ኳ ሲያደርገው አደረ፡፡ እሱ ደክሞት ስለተኛ አልሰማም፤ ዶኩ በሙሉ ግን አልተኛም፡፡ ጠዋት ሴትዮዋ አንድ ቡና፣ አንድ ቁራጭ የላስቲክ ገመድ ይዘው መጡና «ልጄ፣ ና ላሳይህ» ብለው ገመዱን ከምሰሶው አርቀው አሰሩለት፡፡ ነገሩ በዚሁ አለቀ፡፡ አንድ ቀን የሚፈታ ነገር ሲሆን ስንት ቤት አለ እኮ «ሙዚቃህን ቀንስ» ተባብሎ ዓመት የሚኳረፍ!

ከበያጁ ጋር ግን ተኳርፏል፡፡ ምክንያቱ ብስክሌት ነው፡፡ የኛ ሰው ብስክሌቱን ዶኩ ላይ አጋድሞ ሲሄድ በያጁ በጨለማ ተደናቅፎ ለትንሽ ውሃ ውስጥ ሊገባ ሆነ፡፡ ተሰዳደቡ፡፡ ሁለት ወር ሙሉ በዚያች ጠባብ መንገድ ሲተላለፉ አንዱ ሰማይ፣ ሌላው ውሃ እያዩ ሆነ፡፡

በዚህ መሀል አንድ ሌሊት ከሥራ ሲመለስ ከበያጁ ጀልባ ጎን ውሃ ሲፈስ ሰማ፡፡ ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይፈሳል፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡- ጀልባ ውስጥ ከሥር ውሃ ሲገባ ራሱ ተነስቶ የሚመጥ ፓምፕ አለ፡፡ አልፎ አልፎ ቢሠራ ምንም አይደለም፡፡ በየደቂቃው ከሠራ ግን ውሃ እየገባ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ ፓምፑ ይቆማል፤ ከዚያ ጀልባዋ ትሰምጣለች፡፡ ባሕር ላይ እየሄደ ከሚሰምጠው ይልቅ ታስሮ እንደቆመ የሚሰምጠው ጀልባ ይበዛል ነው የሚባለው፡፡ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንዲት ያረጀች ቱቦ ናት፡፡

በያጁ ደግሞ የለም፤ ሌላ ስቴት ልጁ ጋ ሄዷል፡፡ ስልኩን አያነሳም፡፡ በሩ ተቆልፏል፡፡ እስቲ በሱ ቦታ ሁናችሁ አስቡት! የተኳረፈ ሰው ቤት ሌሊት ቁልፍ ሰብሮ መግባት… ፖሊስ ቢመጣ ምን ይባላል? ዕቃ ጠፋ ቢባልስ? «እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሃሳብ ‹ምን አገባኝ› የሚል ነበር» አለኝ፡፡ ቆመ፡፡ ፓምፑ እንደገና ሠራ፡፡ የሴትዮዋን ጀልባ አንኳኳ፡፡ እሳቸው በፒጃማ ወጥተው አንድ አፍታ አዳመጡና መዶሻ አቀበሉት፡፡

ሰበሩት፡፡ ውስጡ ውሃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ደርሶ መጻሕፍት ይንሳፈፉ ነበር፡፡ ሴትዮዋ ባትሪ እያበሩ እሱ በእጁ ሲዳብስ አንዲት የተሰነጠቀች ቱቦ አገኘና ቫልቩን ዘጋው፡፡ ነገሩ የእጅ መታጠፊያ ያህል ነው፤ ይህንንም ቫልቭ የት እንዳለ ያወቀው የሁሉም ጀልባ አሠራር ስለሚመሳሰል ነው፡፡ ጠዋት ድረስ ውሃ ቀዱ፡፡

በያጁ በሦስተኛው ቀን መጣ፡፡ አልተሳሳሙም፣ አላለቀሱም፡፡ አዲስ ቁልፍ ገዛና ትርፍ መክፈቻውን አምጥቶ የኛ ሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠለት፡፡ ስለ ብስክሌቱ እስከ ዛሬ አልተነሳም፡፡ አሁን ይሄ ሰው አዲስ አበባ ሲመጣ የሱ መክፈቻ በያጁ ጋ ነው ያለው፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር የገመዶቹን ፎቶ ይልክለታል፡፡ አንዱንም አሳይቶኛል፡፡ ጽሑፍ የለው፣ ሰላምታ የለው፤ ገመድ ብቻ፡፡

ልብ በሉ፣ እዚያ ቦታ ጉርብትና ፍቅር ብቻ አይደለም፡፡ ያንተ ገመድ ከተበጠሰ ጀልባህ ሄዳ የምትጋጨው ከኔ ጋር ነው፡፡ የጋዝ ሲሊንደርህ ካፈሰሰ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ሥር ይተኛል፤ አንድ ክብሪት ደግሞ ሁላችንንም ይዞን ይሄዳል፡፡ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ቀጥሎ እጁ ይደነዝዛል፡፡ የጀልባው ጎን ልስልስ ስለሆነ መውጫ የለውም፡፡ ለዚህ ነው ከውሃው ውስጥ ሆኖ የሚደረስበት መሰላል የሚያንጠለጥሉት፤ ሌሊት ቦጭረቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ሁሉም ይወጣል፡፡ አንድ ነገር ግን ለኛም ይሆናል፡- ዝግ ክፍል ውስጥ የሚነድ ነገር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፡፡ እነሱ ማስጠንቀቂያ ደወል ይሰቅላሉ፡፡ እኛ ከሰል አስገብተን በር ዘግተን እንተኛለን! እባካችሁ አታድርጉት፡፡

ጎረቤት አይመረጥም ይባል የለ? እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻና በ1990 መጀመሪያ ሳን ፍራንሲስኮ ፒር 39 በሚባለው ማሪና የባሕር አንበሶች መጡና ዶኩ ላይ ተኙ፡፡ መቶዎች ሆኑ፤ ይጮሃሉ፣ ይሸታሉ፡፡ በመጨረሻ ቦታ የለቀቁት ባለጀልባዎቹ ናቸው!

ቀልዱን ትተን፣ ማሪና ውስጥ ለመኖር አቅም የሌላቸውም አሉ፡፡ ከሳን ፍራንሲስኮ ድልድይ ማዶ ሪቻርድሰን ቤይ በሚባለው ውሃ ላይ መልህቅ ጥለው፣ ያለ መብራት ገመድ፣ ያለ ቧንቧ ለዓመታት የኖሩ ሰዎች ነበሩ፡፡ የመልህቅ ሰንሰለቶቹ ዓሣ የሚራባበትን የባሕር ሣር አበላሹ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ባለሥልጣናቱ ጀልባዎቹ እስከ ኦክቶበር 2026 ድረስ እንዲነሱ ቀን ቆረጡ፡፡ ሣሩን ማዳኑ ትክክል ነው፡፡ ግን ጎረቤትነቱስ? ለሁሉም መሬት ላይ ክፍል ቢገኝ እንኳ አንዱ ሰሜን፣ ሌላው ደቡብ ነው የሚጣለው፡፡

ነርሷም ባለፈው ዓመት ጀልባቸውን ሸጠው መሬት ወጥተዋል፡፡ ማንም አላባረራቸው፤ ጉልበታቸው ነው እምቢ ያለው፡፡ ከዶኩ ወደ ጀልባ የሚደረገው እርምጃ ትልቅ ነው፤ ጠዋት ውርጭ ካለ ደግሞ ያንሸራትታል፡፡ የተከራዩት ከማሪናው በመኪና ሃያ ደቂቃ የሚርቅ አንዲት ክፍል ነው፡፡ «ሌሊት ቤቱ አልወዛወዝ እያለ እንቅልፍ ነሳኝ» ብለው በስልክ ይነግሩታል አሉ፡፡ እሁድ እሁድ በያጁ በመኪና ያመጣቸዋል፡፡ ጀልባ ላይ መውጣት ስለማይችሉ ዶኩ ላይ ወንበር ይዘረጋላቸዋል፡፡ እዚያ ከሰል ማቀጣጠል ስለማይቻል የኛ ሰው ጀበናውን ውስጥ ጋዙ ላይ አፍልቶ፣ በፎጣ ይዞ፣ ያንን ትልቅ እርምጃ ተሻግሮ ያመጣላቸዋል፡፡