ነፍሳት ለምግብነት፦ ደህንነታቸው እንዴት ይለካል?

አንበጣ፣ ፌንጣና የጥንዚዛ እጭ በብዙ የዓለም ክፍሎች ከጥንት ጀምሮ ሲበሉ ኖረዋል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ሰፊ ዘገባ ካወጣ ወዲህ ደግሞ እንደ ተስፋ ሰጪ የፕሮቲን ምንጭ መታየት ጀምረዋል። ይሁን እንጂ «ይበላል» ማለትና «ደህንነቱ ተረጋግጧል» ማለት አንድ አይደሉም። ልዩነቱ የሚታወቀው በልኬት ነው። ለመሆኑ ምን ምን ይለካል?

በመጀመሪያ ፕሮቲኑን እንመልከት። በተለመደው ዘዴ ፕሮቲን በቀጥታ አይመዘንም፤ በናሙናው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ይለካና በ6.25 ይባዛል። ይህም ከፕሮቲን ክብደት 16 በመቶ ገደማው ናይትሮጅን ነው ከሚል ግምት የመጣ ነው። ነገር ግን በነፍሳት ቅርፊት ውስጥ የሚገኘው ካይቲን፣ ፕሮቲን ሳይሆን ናይትሮጅን አለው። አሥር ግራም ካይቲን 0.69 ግራም ያህል ናይትሮጅን ስለሚይዝ፣ በስሌቱ 4.3 ግራም «ፕሮቲን» ሆኖ ይቆጠራል። በኔዘርላንድ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ለነፍሳት እጭ 4.76 የተሻለ ማባዣ መሆኑን አሳይተዋል። በዚህ መሠረት 8 ግራም ናይትሮጅን የተገኘበት ናሙና 50 ግራም ሳይሆን 38 ግራም ፕሮቲን ይኖረዋል።

ሁለተኛው ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እጭ ከነአንጀቱ ስለሚበላ፣ ከመገደሉ በፊት ቢያንስ ለ24 ሰዓት ያለ መኖ እንዲቆይ ይደረጋል። ማፍላት ብዙዎቹን ባክቴሪያዎች ቢገድልም አንዳንድ ስፖሮች ሙቀቱን ይቋቋማሉ።

ሦስተኛው ከመኖና ከአካባቢ የሚገባ መርዝ ነው። የዱቄት ጥንዚዛ እጭ ከመኖው ካድሚየምን በሰውነቱ ሊያከማች ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1989 በኩዌት በተያዙ አንበጦች ውስጥ የፀረ-ተባይ ኬሚካል ቅሪት ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አገራችንን በወረረው የአንበጣ መንጋ ላይም ኬሚካል ተረጭቷል። የተረጨው ካልተረጨው በዓይን ላይለይ ይችላል፤ ማብሰልም ዋስትና አይሆንም።

አራተኛው አለርጂ ነው። የነፍሳትና የሽሪምፕ አንዳንድ ፕሮቲኖች፣ በተለይም ትሮፖሚዮሲን፣ ስለሚመሳሰሉ ሽሪምፕ የማይስማማው ሰው ነፍሳትም ላይስማሙት ይችላሉ።

የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2021 የደረቀ የዱቄት ጥንዚዛ እጭን በእነዚህ ሁሉ ረገድ መርምሮ፣ በቀረበው የአጠቃቀም መጠን ደህና መሆኑን ገልጿል፤ አለርጂ ሊያስከትል እንደሚችልም አሳስቧል። ፍርዱ ግን በቁጥጥር ሥር ለሚረባው ለዚያ እጭ እንጂ ከሜዳ ለሚለቀም ነፍሳት ሁሉ አይደለም። እንግዲህ ስለ ነፍሳት ምግብ የሚገልጽ ቁጥር ስናይ «ምን ተለካ? በስንትስ ተባዛ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።